ያባቴ ሽጉጥ፣ የጥይት ነገርና ሌሊት ቤት መጠበቅ፦ ባሕር ዳር ያላችሁ ምክር ስጡኝ

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ሰነበታችሁ። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታ ግን ነገሩን ሙሉ ካልተናገርኩ የምትሰጡኝ ምክርም ጎዶሎ ነው የሚሆነው። የምኖረው እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ በኩል ነው፣ ባለትዳር ነኝ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 9 ዓመቱ ነው ትንሿ 4። ትንሽ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፣ ግቢውን ሦስት ቤተሰብ ሆነን ነው የምንኖርበት፣ ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ማዶ አንዲት እናት ከነልጆቿ ትተኛለች።

በ2015 ነሐሴ ከተማው በሰዓት እላፊ የተዘጋ ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ሱቅ የለ ባንክ የለ ኔት የለ፣ ተኩስ ሲሰማ ልጆቹን ከመስኮት አርቀን መሬት ላይ አንጥፈን ነው ያደርነው። ከዛ ወዲህ እኔ የልቤን ተኝቼ አላውቅም። ባለፈው ወር ደሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አጥር ዘሎ የገባ ሰው የሱቅ ዕቃ የማስቀምጥበትን ክፍል ቁልፍ ሲነካካ ውሻው ጮኸና ሮጦ ጠፋ። እኔ ገጀራ ይዤ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቴ ልጆቹን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ያችን ሌሊት እስካሁን አልረሳኋትም።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አምና ነው ያረፈው፣ ሜራዊ ነበር የሚኖረው። በስሙ ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ ትቷል፣ እናቴ ከነቆዳ ማህደሩ ከነጥይቱ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ወንድሞቼ ታላቅ አንተ ነህ ላንተ ነው የሚገባ ብለውኛል። ጓደኞቼ ግን ማካሮቭ ያረጀ ነገር ነው ጉልበት የለውም ይሉኛል፣ አንዱ ቶካሬቭ ያዝ እሱ ግድግዳ ይበሳል ይላል፣ አንዱ ግሎክ ካልሆነ አትድከም ይላል፣ ሌላው ደሞ የቱርክ ሽጉጥ በርካሽ የሚያመጣ ሰው አውቃለሁ ይለኛል። የትኛው ነው ለቤት የሚሻለው? ለክፉ ቀን ስንት ጥይት ማስቀመጥ ይበቃል? የትስ ይቀመጣል? አባቴ ትራስ ስር ነበር የሚያስቀምጠው እኔ ግን ሕፃናት አሉኝ፣ ባለቤቴም ቤቴ ውስጥ እንዳላየው ብላ ቁርጧን ነግራኛለች። እባካችሁ ፉከራውን ተዉትና የምታውቁትን ንገሩኝ።

ከግሽ ዓባይ፦

ወንድሜ አባትህን ነፍስ ይማር። ስለ ዓይነቱ የሚያውቁ ይነግሩሃል፣ እኔ ከዛ በፊት የሚቀድመውን ልናገር። ፈቃዱ የተሰጠው ላባትህ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ወረቀቱ አንተን አያውቅህም። ባገራችን ያባት መሣሪያ ለታላቅ ልጅ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም፣ ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ግን የሚጠይቅህ ያንተን ስም ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ጀምሮ ያለ ፈቃድ መያዝ በግልጽ ወንጀል ነው፣ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ነው የሰጠው። ስለዚህ ከሜራዊ ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ምን አለባት ብለህ ሽጉጡን በሻንጣ አድርገህ ሚኒባስ እንዳትሳፈር፣ በተለይ ባሁኑ ጊዜ። እናትህም ቢሆኑ ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት ዝም ማለታቸው አያዋጣም። ሽጉጡ ባለበት ይቀመጥና አንተና ወንድሞችህ ያባታችሁን ፈቃድ፣ የሞት ማስረጃውንና የወራሽነት ወረቀቱን ይዛችሁ ሜራዊ ፖሊስ ሄዳችሁ አሳውቁ፣ ባንተ ስም ፈቃድ ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ እዛው ጠይቁ። ፈቃድ ካልሰጡህም አስረክበህ ደረሰኝ መቀበል ነው፣ ያማል ግን ከመታሰር ይሻላል።

የቱርኩን ነገር ጭራሽ ከሐሳብህ አውጣው። በኮንትሮባንድ የመጣ ነገር ነው፣ ሕጋዊ የሚሆንበት መንገድ የለም፣ ማን ይዞት ምን እንደሠራበትም አታውቅም። አንድ ቀን እሱ ሽጉጥ አንድ ሬሳ አጠገብ ከተገኘ ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ቅርፊት) ጋር ቢገጥም መልስ የምትሰጠው አንተ ነህ።

ሌላው ራስን መከላከል የሚባለው ወሰን አለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን ጥቃቱ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ አጸፋውም ካደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ካለፈ አንቀጽ 79 አለ። ያ ቁልፍ ሲነካካ የነበረው ሰው ውሻ ሲጮህ ሮጧል። ያን ሌሊት ሽጉጥ ኖሮህ ከኋላው ብትተኩስና ብትመታው ኖሮ ዛሬ ይሄን የምትጽፍልን ከማረሚያ ቤት ነበር፣ ያውም ስልክ ካገኘህ። አዝናለሁ እንዲህ ስልህ ግን ባለቤትህና ልጆችህ የሚቀሩት ብቻቸውን ነው።

ጡረተኛው፦

ልጄ ጥያቄህ የጨዋ ጥያቄ ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ልመልስልህ። ብዙ ዓመት ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ፣ መሣሪያ መቀበል መቁጠር መወልወል ማስረከብ ሥራዬ ነበር። ከላይ የመከረህ ሰው ስለ ፈቃዱ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ የምጽፍልህ ፈቃዱ ባንተ ስም ከወጣ በኋላ ላለው ነው።

ማካሮቭ ጉልበት የለውም የሚሉህ ሰዎች ስንቴ ተኩሰውበት እንደሆነ ጠይቃቸው። ሶቪየቶች በ1950ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ቶካሬቭን በሱ የተኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ባዶውን 730 ግራም አካባቢ ነው፣ ካዝናው (ጥይት የሚሞላበት) 8 ጥይት ይይዛል፣ ጥቂት ብረት ነው ያለው ስለዚህ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው፣ ፈቶ ለመወልወል መፍቻ አይፈልግም። አንድ ክፍል ውስጥ ከበር እስካልጋ ሦስት አራት ሜትር ነው፣ ለዛ ርቀት ከበቂ በላይ ነው። ቶካሬቭ ጥሩ መሣሪያ ነው አልክድም፣ ግን እንደ ማካሮቭ በጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም፣ መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው ያለው፣ ያረጀ ከሆነና ጥይት ጎርሶ (ጥይት ለመተኮስ ውስጡ ገብታ ሳለች) ከወደቀ ያስፈራል። ግድግዳ ይበሳል ያሉህ ደሞ እውነት ነው፣ ጥይቱ በሴኮንድ 450 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ የማካሮቭ 315 ገደማ። ግን ልጄ አስበው እንጂ፣ ከግድግዳህ ማዶ የማን ልጆች ናቸው የሚተኙት? ግድግዳ የሚበሳ መሣሪያ ላንተ ቤት መርገም ነው። የማካሮቭም ቢሆን ጭቃ ግድግዳን ያልፋል ብለህ ነው ማሰብ ያለብህ፣ የቆርቆሮ በርማ እንደ ወረቀት ነው። ሽጉጥ ከመምጣቱ በፊት ቁጭ ብለህ በየት አቅጣጫ በፍጹም መተኮስ እንደሌለብህ ከባለቤትህ ጋር ለይ። ምናልባት ቆጥረህ ስትጨርስ የሚተኮስበት አቅጣጫ አንድ ብቻ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ እሱም ወደ ግቢው በር፣ ከበሩ ወዲያ ደሞ መንገድ አለ ሰው ያልፍበታል።

ግሎክ ያለህ፣ ግሎክ 17 የሚባለው 17 ጥይት ይይዛል ቀላል ነው ዘመናዊ ነው፣ ምላጩ (ለመተኮስ በጣት የሚሳበው) ላይ ካለችው ትንሽ መቆለፊያ ውጪ በጣት የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም። ሳይለማመድ ለያዘው ሰው እንግዲህ ሌሊት እጁ ሲንቀጠቀጥ ጣቱ ምላጭ ላይ ካረፈ አለቀ። አንተ ራስህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብለሃል፣ የማንም ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል ነውር የለውም፣ ግን መሣሪያ ስትመርጥ ያን የሚንቀጠቀጠውን እጅ አስበህ ምረጥ። የቱርክ የሚባሉት ውስጥ ደሞ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ አፈሙዛቸው የተሰረሰሩ አሉ፣ ብረቱ ለጥይት ግፊት አልተሠራም፣ እጅ ላይ ይፈነዳል።

ጥይት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የማካሮቭ 9 በ18 ነው (ውፍረቱ 9 ገደማ፣ የቀለሁ ርዝመት 18 ሚሊሜትር)፣ የግሎክና የብራውኒንግ 9 በ19። ነጋዴው ያው 9 ነው ይልሃል፣ ያው አይደለም፣ የማካሮቩ እርሳስ (የሚወነጨፈው ጫፍ) ራሱ 9.27 ሚሊሜትር ነው ወፈር ይላል፣ ቀለሁ ደሞ ያጥራል። አንዱን ባንዱ መተካት አይቻልም። ስንት ይበቃል ላልከው፣ ሁለት ካዝና ሙሉ ማለት 16 ጥይት ንጹሕ የሆነ፣ ምንጩ የታወቀ፣ ለቤት ይበቃል እኔን ከጠየቅከኝ፣ ስንት እንደሚፈቀድልህም ፈቃድ ሰጪውን ጠይቅና ከዛ አትለፍ። ባንድ ሌሊት ቤትህ ውስጥ 16 ጥይት የሚያስጨርስ ነገር ከመጣ ሽጉጥ አያድንህም፣ ያኔ ልጆች ይዞ መውጣት ነው። ጥይት በሣጥን የሚያከማቹ ሰዎችን አውቃለሁ፣ ዘይት ሲጠፋ ጥይት አይጠበስም፣ ሽሮ ነው የሚበላው።

አያያዙን ልንገርህ፣ ይሄን እናትህ ቤት ያለውንም ስትነካው (ፖሊስ ባለበት ቢሆን ይመረጣል) ያስፈልግሃል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት መሬት አድርግ፣ ጣትህን ከምላጭ አርቅ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ መልቀቂያው እጀታው ግርጌ ላይ ነው። በግራ በኩል ኋላ ላይ ያለችው ሴፍቲ ወደ ላይ ከሆነች ተቆልፏል፣ ወደ ታች ስትወርድ ቀይ ነጥብ ይታያል፣ ቀይ ካየህ ተኳሽ ነው። ማካሮቭ ሴፍቲው ወደ ላይ እያለ የላይኛው ብረት አይሳብም፣ ስለዚህ ውስጡን ለማየት ወደ ታች ማድረግህ ግድ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው። ከዛ ብረቱን እስከመጨረሻው ወደኋላ ሳብ፣ የጎረሰ ጥይት ካለ ይዘላል። አይተህ አትመን፣ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳስሰው። ካዝና ወጣ ማለት ሽጉጥ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

የናሆም እናት፦

ጋሼ ጡረተኛው እግዚአብሔር ይስጥዎ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርዎን ሳነብ አልቅሻለሁ። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ነበር። አባቱ ከሥራ ገብቶ ካዝናውን አውጥቶ ሽጉጡን ፍራሽ ስር ከተተው፣ ካዝናውን ብቻውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠ፣ በቃ ባዶ ነው ብሎ። አንዷ ጥይት ጎርሳ ቀርታ ነበር። ልጁ ለጓደኛው ሊያሳይ አወጣው። የሞተው ጓደኛው ነው፣ የእህቴ ልጅ ደሞ በሕይወት አለ ግን እሱ ልጅ አይደለም አሁን፣ ሰው ፊት አያይም። ሁለቱ ቤተሰቦች ባንድ ጽዋ የሚጠጡ ነበሩ። ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ተደርጓል፣ እናትየዋ ግን እስከዛሬ በዛ መንገድ አታልፍም።

እኔ ነርስ ነኝ ድንገተኛ ክፍል ብዙ ሠርቻለሁ። በጥይት ተመትቶ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሌባ የተመታ እንዳይመስላችሁ። ሲወለውል፣ ሲያሳይ፣ ሰክሮ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ሲተኩስ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ደሞ ራሱን ያጠፋ። ስለዚህ ወንድሜ ባለቤትህ ቤቴ ውስጥ አላየውም ስትል ፈሪ ሆና አይደለም። ከሷ ጋር ሳትስማማ አታምጣው። ከተስማማችሁም ትራስ ስር ፍራሽ ስር ቁም ሣጥን ላይ የሚባል ነገር የለም፣ የ9 ዓመት ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቤት ውስጥ የለም፣ ወንበር ይደራርባል። ግድግዳ ወይም ወለል ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን አሠራ፣ በያጅ ቤቱ ይሠሩልሃል፣ ቁልፉ አንተ አንገት ላይ ይደር። ጥይቱ ሌላ ቁልፍ ያለው ሌላ ሣጥን። ሌሊት ለመክፈት ጊዜ ይወስዳል ትለኝ ይሆናል፣ አዎ ይወስዳል፣ ለዛ ጊዜ የሚገዛልህ በር ነው። ጠንካራ በር ሥራ።

ለልጁም ንገረው። መደበቅ ብቻውን ይበልጥ ያጓጓቸዋል። መሣሪያ ካየህ አትንካ፣ ውጣ፣ ትልቅ ሰው ጥራ፣ በየጊዜው ይደገምለት፣ ጎረቤት ቤት ሲሄድም ጭምር።

ለክፉ ቀን ደሞ ከጥይት በፊት ደም ማቆሚያ ግዛ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ጎዝ፣ ሰፋ ያለ ፋሻ። የሚደማውን ቁስል በሙሉ ክብደትህ ተጭነህ አትልቀቅ፣ እየገለጥክ አትይ። እጅ ወይም እግር ሆኖ በመጫን እንቢ ካለ ብቻ ከቁስሉ ከፍ አድርገህ በሰፊ ጨርቅ አጥብቀህ እሰር፣ በቀጭን ገመድ አይደለም፣ የታሰረበትን ሰዓት ጻፍ፣ ሐኪም እስኪያየው አትፍታው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ስልክህ ላይ ብቻ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ጻፈው ልጁም ይወቀው።

የዘጌ ሰው፦

እኔ ደሞ ስለ እርጥበቱ ልጨምር ማንም ስላላነሳው። ጣና ዳር ክረምት ላይ ብረት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ የበር ማጠፊያ እንኳ ባንድ ክረምት ዝጎ ይንቋረራል። አያቴ ምንሽር ነበራቸው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ አውጥተው ይወለውሉት ነበር፣ ቆዳ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ቆዳ ማህደር ውሃ ይጠጣል፣ ከዛ እርጥበቱ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ የማህደሩ ቅርፅ ሽጉጡ ላይ ዝገት ሆኖ ይታተማል፣ ነሐሱ ቀለህ ደሞ አረንጓዴ ያወጣል። ሽጉጡን በስስ ዘይት ወልውለህ ጎማ ባለው በሚገጥም ዕቃ አስቀምጥ፣ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚመጣችውን እርጥበት የምትጠጣ ከረጢት እየሰበሰብክ ክተትበት። ጥይቱን ግን ዘይት እንዳትቀባው፣ ሰርጎ ገብቶ ያከሽፈዋል። ኮርኒስ ላይም አታስቀምጥ፣ ቆርቆሮው ስር በበጋ እሳት ነው።

ሌላው ወንድሜ እኛ ሰፈር ሌባ ያስቆምነው በመሣሪያ አይደለም። ስምንት አባወራ ሆነን ብር አዋጥተን በሶላር የሚሠራ ፓውዛ አራት ማዕዘን ላይ ሰቀልን፣ ፊሽካ ተከፋፈልን። አንድ ሰው ከነፋ ሁሉም መብራት ያበራል፣ ሁሉም ይጮሃል፣ ማንም ብቻውን አይወጣም። ተራ እየገባን ሮንድ እንዞራለን። ፊሽካው ብዙ ቀን ተነፍቷል፣ ሦስቴ የእውነት ነበር ሌላው ጅብ ነው ውሻ ነው፣ ግን ማንም አልተጎዳም። አንተ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ናችሁ፣ ካንድ ሽጉጥ ሦስት ቤት የነቃ ሰው ይሻላል። ውሻህንም ደህና አድርገህ አብላው፣ ያን ሌሊት ሥራውን የሠራው እሱ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የናሆም እናት ያንቺን ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። የወሰንነውን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ሜራዊ ሄደን ወረቀቶቹን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ገባን፣ ማመልከቻ ጻፉ ተባልን ጻፍን፣ ባለሙያ መጥቶ ቤት ድረስ አይቶ ቁጥሩን ከፈቃዱ ጋር አመሳክሮ እስኪወሰን እነሱ ጋ እንዲቀመጥ ተስማማን፣ ደረሰኝ ሰጥተውናል። እናቴ ስትሰጠው ሳመችው፣ ከበደኝ።

እስከዛ በሩን እያሠራሁ ነው፣ ውስጡ በወፍራም ላሜራ፣ ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ። ለሱቁ ዕቃ ክፍልም እንዲሁ። ጥይት ልገዛበት ካሰብኩት ብር ደሞ ሁለት ጄሪካን፣ 25 ኪሎ ሽሮ፣ የልጆች ዱቄት፣ ሻማና በሶላር ቻርጅ የሚሆን መብራት ገዛን፣ ፊሽካም ገዝቻለሁ ለሦስቱም ቤት። ጎረቤቴ ሲደርሳት በአንገቷ አድርጋው ነው የዋለችው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ ለጋሼ ጡረተኛው። ባለሙያው ሲፈትሸው አንዷ ጥይት ጎርሳ ነበር፣ አባቴ እንዳስቀመጠው ማለት ነው፣ እናቴ ዓመት ሙሉ ከሷ ጋር ነው የተኛችው። ካዝናው ውስጥ ያሉትም ላያቸው አረንጓዴ ሆኗል። ፈቃዱ ከወጣልኝ እነሱን ጥይቶች ወልውዬ ልጠቀምባቸው እችላለሁ ወይስ?

ጡረተኛው፦

አይሆንም። ነሐሱ አረንጓዴ ካወጣ ቀለሁ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ሊሰነጠቅም ሊከሽፍም ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው በደንብ ያልተቀጣጠለ ጥይት እርሳሱን አፈሙዝ ውስጥ ወትፎ ያስቀረዋል፣ የሚቀጥለውን ስትተኩስ ብረቱ ይፈነዳል። በአሸዋ ወረቀት አትፈትገው፣ አትቀጥቅጠው፣ እሳት ውስጥ አትጣል፣ ሽንት ቤትና ጣና ውስጥም አትጣል። ሽጉጡ እነሱ ጋ ስላለ ጥይቱንም እንዲያስወግዱት በማመልከቻው ላይ ብዛቱን ጽፈህ አስረክብ፣ ደረሰኙ ላይ መጻፉንም እይ። አፈሙዙ ውስጥም የዝገት ጉድጓድ እንዳለ ባለሙያው በመብራት እንዲያይልህ ጠይቅ፣ ካለ ሳይታደስ አይተኮስበትም።

እናትህን እግዚአብሔር ነው የጠበቃቸው። ሄደህ ሣጥናቸውን አብረሃቸው ባዶ አድርግ፣ ያረጀ ሰው ቤት አንዳንዴ ጥይት በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ሌላ ቦታ ይገኛል።